የሠላሳ ቀኑ ደንብ

ጥር 13

መብራት አለ፣ ኔትወርክ የለም። ትናንት ኔትወርክ ነበር፣ መብራት አልነበረም። ሁለቱ ተማክረው አንድ ቀን አብረው ቢመጡ ምን ይሆናሉ?... የአገር ደኅንነት በዚህ መሀል ይጠበቃል።

ጠዋት ከአዘና አንድ ኦፕሬተር ቤቴ መጣ። ፓስወርዱን ሦስት ጊዜ ተሳስቶ ሥርዓቱ ቆልፎበታል። ደንቡ ግልጽ ነው። የተቆለፈበት ሰው የአለቃውን ደብዳቤ ይዞ ራሱ እንጅባራ ይመጣል፣ እኔ እከፍትለታለሁ። ደብዳቤ ይዟል። ማኅተም የለውም።

«ጋሼ፣ ከአዘና እኮ ነው የመጣሁት» አለ።

«አዘና የትም አትሄድም። ተመልሰህ ታገኛታለህ» አልኩት።

እህተማርያም ከጓዳ ሰምታ ወጣች። ሚስቴ ለማኅተም አልባ ሰው ትወጣለች፣ ማኅተም ላለው አትወጣም። ድንች ቅቅል አቀረበችለት። በላ፣ እሷን አመሰገነ፣ እኔን ሳይሰናበት ሄደ።

«ለአንድ ማኅተም ብለህ ሰውየውን...» አለች።

«ለማኅተሙ አይደለም። ለደንቡ ነው።»

«ደንቡን ማን አወጣው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ለራስህ ነው» ብላ ገባች። አርባ አራት ዓመት አብረን ኖርን። አንድ ቀን የመጨረሻዋን ቃል ለእኔ አልተወችልኝም።

ጥር 16

ከአዲስ አበባ ደብዳቤ። የትምህርት ማስረጃዬን ይፈልጋሉ። ለአራተኛ ጊዜ። የመሥሪያ ቤቱን ስም እዚህ አልጽፍም፤ እብድ አይደለሁም።

ምን ልላክላቸው? ስምንተኛ ክፍል። ከዚያ በስልክ ማዞሪያ ላይ ሃያ ዘጠኝ ዓመት። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከማሽን መመሪያ ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ፈረንጅ ጋር ብገናኝ የምለው «ከመክፈትዎ በፊት ኃይሉን ያጥፉ» ብቻ ነው። ኮምፒውተር የተማርኩት አንድ ቢሮ አበላሽቶ ከጣለው ነው። ማንም አላስተማረኝም። ማንንም አልጠየቅኩም። በዚህ እኮራለሁ። ለምን አልኮራም?

የቀጠሩኝ እንዴት ነበር? ከስድስት ዓመት በፊት በነሱ ድረ ገጽ ላይ ቀዳዳ አገኘሁ። አምስት ደብዳቤ ጻፍኩ። ዝም። በስድስተኛው ላይ ቀዳዳው እንዴት እንደሚከፈት ጨመርኩ። በማግስቱ በሁለት መኪና መጡ። ሦስት ቀን መረመሩኝ፣ በአራተኛው ቀን ቀጠሩኝ። «ተመራማሪ (ጊዜያዊ)»። ስድስት ዓመት ጊዜያዊ ሆኛለሁ... ከዚህ በላይ ጊዜያዊ የምሆነው ስሞት ነው።

ሥራዬ መስበር ነው። በዞኑ ውስጥ ዝግ መረብ አለ። የኬላዎች፣ የስልክ ማማዎችና የኃይል ማከፋፈያው ጥበቃ መልእክት በሱ ይሄዳል፤ ማን በስንት ሰዓት ተረኛ ነው፣ የትኛው መኪና የት ይቆማል። ሠላሳ አንድ ኦፕሬተሮች አሉ። እኔ መረቡን ለመስበር እሞክራለሁ። ካልተሰበረ «ምን ሠራህ?» ይሉኛል። ከተሰበረ ይቆጡኛል። ጥሩ ሥራ ነው።

ጥር 23

ጊዮርጊስ። ፈረሰኞቹ ሜዳው ላይ ናቸው። እህተማርያም ነጠላዋን ለብሳ ከጠዋት ሄደች። እኔ ቤት። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ድምፅ ማጉያው እንደሆነ መስኮቴ ላይ የተሰቀለ ነው የሚመስለው። «ከግምጃ ቤት፣ አቶ ይሄይስ፣ በፈረሳቸው በገስግስ!» ጭብጨባ። «ከዳንግላ፣ እገሌ፣ በፈረሱ በመብረቅ!» ጭብጨባ። ቀኑን ሙሉ። የሰው ስም አንዴ ይጠራል፣ የፈረስ ስም ሦስት ጊዜ።

እኔ በዚህ ጩኸት መሀል ለዓመታዊው ግምገማ ደንብ ሰባትን በንጹሕ ገለበጥኩ። በየሠላሳ ቀኑ ፓስወርድ ይቀየር። ከአሥራ አራት ፊደል አይነስ። ቁጥርና ምልክት ይኑረው። ያለፉት አሥራ ሁለቱ አይደገሙ። ወረቀት ላይ አይጻፍ። አንብቤ ምንም የሚጨመር አጣሁ።

የካቲት 1

መቀየሪያ ቀን። ሠላሳ አንዱም ቀየሩ። ሁለቱ ተቆለፈባቸው። አንዱ ስልክ ደውሎ «በስልክ ይክፈቱልኝ» አለ። ሳቅሁ። ሳቄ ብርቅ ስለሆነ እህተማርያም «ምነው፣ ደኅና ነህ?» አለች።

የካቲት 8

አገኘሁ።

የመግቢያውን መዝገብ ሳይ ኦፕሬተር ዘውድነሽ ይሄይስ ዛሬ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ዳንግላ ካለው ክፍሏ ገብታ መልእክት እየላከች ነው። በዚያው ደቂቃ ዘውድነሽ ይሄይስ ከከተማው መውጫ ኬላ ኮምፒውተርም ገብታ የጥበቃ ተራ እያነበበች ነው። አንዲት ሴት በሁለት ወንበር። ወደ ኋላ ሄድኩ። በዚህ ወር ብቻ አራት ጊዜ።

ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ቀን። ደስ አለኝ? ይቅር ይበለኝ፣ አዎ።

የካቲት 9

በሚኒባስ ዳንግላ። ረዳቱ «አባት፣ ጠጋ ይበሉ» እያለ አምስት ሰው በሦስት ሰው ወንበር ላይ ጫነን። የአገር ምስጢር በጉልበቴ ላይ፣ የሰው ዶሮ በእግሬ ላይ።

ዘውድነሽ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ረጋ ያለች። ጠረጴዛዋ ንጹሕ። ንጹሕ ጠረጴዛ ያለው ሰው ይደብቃል አልኩ በልቤ።

«ፓስወርድሽን ለማን ሰጠሽ?»

«ለማንም።»

«ወረቀት ላይ ጻፍሽው?»

«የርስዎ ደንብ ወረቀት ይከለክላል እኮ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ በነፋስ ነው የሄደው?»

«ጋሼ፣ ስድስት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ነኝ። አንድ ቀን ዘግይቻለሁ?» አለች።

«ስለ ሰዓት አልጠየቅኩሽም።»

ፓስወርዱ ምን እንደነበር አልጠየቅኳትም። መጠየቅ ክልክል ነው። የከለከልኩት እኔ ነኝ።

የካቲት 10

ሪፖርት ላክሁ። አሥራ አንድ መስመር። «ኦፕሬተሯ በቸልተኝነት ወይም በማወቅ ፓስወርዷን አሳልፋ ሰጥታለች።» ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ናት። ሁለት ጊዜ አነበብኳት።

የካቲት 13

አቶ ብሥራት ከአዲስ አበባ ደወለ። የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ሁለት ዲግሪ ያለው፣ አንድም ቀን ኬብል ቆርጦ የማያውቅ።

«ጋሽ አየነው፣ እጅግ የተዋጣለት ሥራ ነው። ታግዳለች። መጋቢት አምስት ኮሚቴ ይቀመጣል። መባረሯ አይቀርም፣ ለፖሊስም እናስተላልፋታለን፤ ክስ ይኖራል።»

«ጥሩ» አልኩ።

ጥሩ። ሌላ ምን ይባላል?

የካቲት 16

ነገ ጾም ይገባል። እህተማርያም ዶሮ ሠርታ ነበር። አልበላሁም።

ከሰዓት በኋላ በር ላይ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። ረጅም ሽማግሌ፣ ጋቢ ለብሶ፣ አለንጋ ይዞ። ፈረሱን ከአጥሩ ጋር አስሮ ቆመ። አቶ ይሄይስ፣ የዘውድነሽ አባት። ከግምጃ ቤት።

«ይግቡ እንጂ» አለች እህተማርያም።

«ልጄ ሥራዋ ላይ እስክትገባ እኔ የማንም ቤት አልገባም።» ወደኔ ዞሩ። «እርስዎ ነዎት ልጄን ሌባ ያሉ?»

«ሌባ አላልኩም። አሳልፋ ሰጥታለች ነው ያልኩት።»

«እሷ አልሰጠችም። የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ሰውየው እንደ ኑዛዜ ተናገሩት። በጥር ግምጃ ቤት ሠርግ ነበር። ዳሱ ውስጥ ወንዶቹ በፈረስ ተከራከሩ። አንዱ ፈረሴ እንጅባራ ላይ አንደኛ ወጣ አለ። አንዱ የኔ በቴሌቪዥን ታየ አለ። አቶ ይሄይስ ተነሡና...

«‹የኔን ፈረስ ስም ካልጠራ የመንግሥት ኮምፒውተር አይከፈትም!› አልኳቸው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።»

«እርስዎ እንዴት አወቁ?»

«አምና ገስግስ ታሞ ነበር። እኔ እህል አልበላ ስል ልጄ ‹አባዬ፣ አይዞህ፣ ስሙን በየቀኑ ነው የምጽፈው፤ ከሱ ቀጥሎ ወሩን ከነቁጥሩ፣ ዓመቱንና ቃለ አጋኖ ብቻ› አለችኝ። ደስ እንዲለኝ ብላ ነው። ደስ አለኝ። ይኸው።»

«ዳሱ ውስጥ ማን ነበር?»

«አገር ሁሉ።»

«ስም።»

«ምኑን ልንገርዎ... ሽማግሌዎቹ፣ ሚዜዎቹ። ትዕዛዙ ነበር፣ የከሰል ደላላው። እሱ ነው ‹ወሩንም ነው የምትጽፈው?› ብሎ የጠየቀኝ። ‹አዎ፣ ወሩንም፣ ቁጥሩንም፣ ዓመቱንም፣ ቃለ አጋኖውንም› አልኩት።» አለንጋቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። «መታሰር ካለብኝ እኔን እሰሩኝ። ፈረሱንም ከፈለጋችሁ፣ ያው ታስሯል።»

ሄዱ። ውኃ እንኳ አልጠጡም።

የፈረስ ስም! አሥራ አራት ፊደል፣ ቁጥር፣ ምልክት... የፈረስ ስም!

የካቲት 17

ጾም ገባ። አልጻፍኩም።

የካቲት 18

ዛሬ ሰበርኩት። በገዛ እጄ።

ፓስወርዶቹ ሰርቨሩ ላይ ተፈጭተው ነው የሚቀመጡት። ዱቄቱን እናያለን፣ እህሉን አናይም። ግን እህሉን የገመተ ሰው ራሱ ፈጭቶ ዱቄቱን ያወዳድራል። በውሌ መሠረት በየሦስት ወሩ እሞክራለሁ። እስካሁን የሞከርኩት በውጭ አገር ዝርዝሮች ነበር። የእንግሊዝ ስሞች፣ የኳስ ቡድኖች፣ የፍቅር ቃላት። መረቡ አልነቃነቅ ብሎኝ እኮራ ነበር።

ዛሬ ከፈረሰኞቹ ማኅበር የጥር 23ን የፈረሶች ዝርዝር ወሰድኩ። «ለምርምር ነው» አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ የሁሉንም ፈረስ ቀለምና እድሜ ጭምር ጻፉልኝ። የፈረሱ ስም፣ የወሩ ስም፣ የወሩ ቁጥር፣ ዓመቱ፣ መጨረሻ ላይ ቃለ አጋኖ። ከቁርስ እስከ ምሳ።

ከሠላሳ አንዱ ሃያ ሰባት ተከፈቱ።

ሃያ ሁለቱ የራሳቸውን ወይም የአባታቸውን ፈረስ ነው የጻፉት። አራቱ ፈረስ ስለሌላቸው የጎረቤት ፈረስ። አንዱ በቅሎ፤ ማኅበሩ እሷንም መዝግቧል። ቢያንስ እሱ ራሱን ችሎ አስቧል።

ሃያ ሰባቱም ደንቤን አንድ በአንድ አክብረዋል። አሥራ አራት ፊደል፣ አለ። ቁጥር፣ አለ። ምልክት፣ አለ። በየሠላሳ ቀኑ ተቀይሯል፤ ወሩ ራሱ ይቀይርላቸዋል። እኔ ደግሞ ጥር 23 ቀን መስኮቴ ሥር ቁልፉ ሁሉ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ውዬ «ምን ጩኸት ነው» እል ነበር።

የካቲት 19

ትዕዛዙ ተያዘ። ዘውድነሽ በሁለት ወንበር በተቀመጠችባቸው ቀናት ያለፈቃድ የጫኑ የከሰል መኪኖች አልፈዋል። አንዱ ጎማው ፈንድቶ ተገኘ። ደላላው ወዲያው አመነ፤ የኬላው ጠባቂ ምሳ ሲሄድ ገብቶ ነው። የዘውድነሽ ስም ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የተረኞች ዝርዝር ላይ አለ፤ ቀሪውን አባቷ ሰጥተውታል። ጠባቂው በራሱ ስም ቢገባ የራሱን ኬላ ብቻ ያያል፤ በእሷ ስም የገባ የዞኑን ሁሉ ተራ ያነባል። ደላላው የፈለገው ማን መቼ እንደማይኖር ማወቅ ብቻ ነው።

ስድስት ዓመት ባሕር ማዶ ያለ ጠላት ስጠብቅ ነበር። ጥቁር መነፅር ያደረገ፣ በአሥር ቋንቋ የሚሳደብ። የመጣው የከሰል ደላላ ነው። እጁ ጥላሸት። የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ጥላሸቱ አለ አሉኝ።

ታዲያ ዘውድነሽ ነፃ ወጣች? አልወጣችም። ደንብ ሦስት ፓስወርድን ለማንም አትንገር ይላል። አባትም ማንም ነው።

የካቲት 21

ግምጃ ቤት። የገበያ ቀን። ከመናኸሪያው በጋሪ ሄድኩ። ዘውድነሽ እናቷ ድንች ስትሸጥ ሚዛን ትይዛለች። አንድ ኪሎ ስጪኝ የሚላት ሁሉ ቀና ብሎ ያያታል። ወሬው ደርሷል።

አየችኝ። ተነሣች። «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለች፤ ጆንያ ዘረጋችልኝ። ባትዘረጋልኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለምን የፈረስ ስም?»

«ምን ላድርግ?» አለች። «መጀመሪያ ዓመት በደንብ ነበር የምመርጠው። ማንም የማይገምተው። ሁለት ጊዜ ረሳሁት፣ ሁለት ጊዜ እንጅባራ መጣሁ። ሁለተኛው ጊዜ አራስ ነበርኩ። ሕፃኑን አዝዬ፣ ዝናብ ነበር። ማኅተሙ ደብዝዟል ብለው መለሱኝ።»

«እኔ?»

«እርስዎ። ከዚያ በኋላ የማልረሳውን መረጥኩ።»

አላስታውሳትም። ልጅ ያዘለች ሴት በዝናብ መልሼ... አላስታውስም። ማኅተሙን አስታውሳለሁ። ደብዛዛ ነበር።

«ሌሎቹስ? ተነጋግራችሁ ነው?»

ሳቀች፤ የመጀመሪያዋ ሳቅ። «እዚህ አገር ሰው ልጁን በሌላ ልጅ ስም ይጠራል፣ ጋሼ። የፈረሱን ስም የተሳሳተ ሰው አይተዋል?»

እናቷ በአገውኛ አንድ ነገር አለች። ምን እንደሆነ ገባኝ። አልጽፈውም። ልክ ናት።

የካቲት 23

አቶ ብሥራት።

«ጋሽ አየነው፣ ሥርዓቱ አልተነካም። የተሳሳተው ሰው ነው። ኮሚቴው ይወስናል፣ ያልቃል።»

«ሃያ ሰባት ሰው አብሮ ሲሳሳት ስሕተት ነው የሚባለው?»

«ያንን ቁጥር የት ጻፉት?»

«ገና አልጻፍኩትም።»

«አይጻፉት። ደንብ ሰባት ላይ የማን ስም እንዳለ ያውቃሉ። የትምህርት ማስረጃ እያሉ የሚጨቀጭቁትን እስካሁን ያቆምኩልዎት እኔ ነኝ። ተዉት። ሴትየዋ ሌላ ሥራ አታጣም።»

«ክስ ያለበት ሰው የት ነው የሚቀጠር?»

«ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ጋሽ አየነው። አልሰማዎትም።»

ኔትወርኩ ደኅና ነበር። በዓመቱ ውስጥ ደኅና የሆነበት ቀን ቢኖር ዛሬ ነው።

የካቲት 26

ደንቡ ትክክል ነው። ሰው ነው የማይመጥነው። ሰነፍ፣ ዝንጉ...

ሁሉም?

የካቲት 27

ድሮ ከኢንተርኔት አውጥቼ ያተምኳቸውን መመሪያዎች አገላበጥኩ። አንዱ፣ ከብዙ ዓመት በፊት የወጣ፣ በግልጽ ይላል። ሰውን በየወሩ ቀይር ካላችሁት በቀላሉ የሚገመት ነገር ይመርጣልና ይህን ልማድ ተዉ። አንብቤዋለሁ። ደንቡን ከማውጣቴ በፊት ነው ያነበብኩት። ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ የኔ ጽሕፈት አለ፦ «ልፍስፍስነት።»

ማንም አላስተማረኝም ብዬ ስኮራ ነበር። ለካስ ሊያስተምረኝ የሞከረ ነበር።

የካቲት 30

እህተማርያም ሽሮ አቅርባ ፊቴ ተቀመጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ አራት ቀን ሙሉ ከግድግዳው ጋር ትከራከራለህ። ማን አሸነፈ?»

ነገርኳት። ሁሉንም። ምስጢር ነው የሚባለውንም። አርባ አራት ዓመት ውስጥ ስለ ሥራዬ ስነግራት የመጀመሪያዬ ነው።

አዳመጠች። «ያቺን አራስ እኔ አስታውሳታለሁ» አለች። «ቡልኮዬን ሰጠኋት። አልመለሰችውም፤ እንዳትመልስልኝም ብያታለሁ።»

ሌላ አልጨመረችም። ዛሬ የመጨረሻዋን ቃል ብትወስድ ምንም አልልም ነበር።

መጋቢት 5

ዳንግላ። ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። አንዱ ተኝቷል። አቶ ብሥራት በስልክ ድምፅ ማጉያ ከጠረጴዛው መሀል ይናገራል። ዘውድነሽ ጥግ ላይ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ። አባቷ ውጭ በር ላይ፤ አሁንም አልገባም ብለው።

ክሱን አነበቡ። የኔን አሥራ አንድ መስመር። ያቺ ቆንጆ ዓረፍተ ነገር በሰው አፍ ስትነበብ አስቀያሚ ናት።

ተነሣሁ። አዲሱን ሪፖርት ይዣለሁ፣ አሥራ አራት ገጽ። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አነበብኩ።

«በየካቲት አሥር የጻፍኩት ስሕተት ነው። ከሠላሳ አንድ ኦፕሬተር ሃያ ሰባቱ ያደረጉትን ነው እሷ ያደረገችው። ይህን እንዲያደርጉ ያስገደዳቸው ደንብ ሰባት ነው። ደንብ ሰባትን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እንደማይሠራ የሚናገር ጽሑፍ ሳወጣው እጄ ላይ ነበር።»

ከስልኩ «ጋሽ አየነው...» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ አቶ ብሥራት» አልኩ።

የተኛው ነቃ። ሰብሳቢው መነፅሩን አወለቀ። «አባት፣ ይህን የሚሉት በምን ደረጃ ነው? የትምህርት ደረጃዎ?»

«ስምንተኛ ክፍል። ደንቡን ተቀብላችሁ ስትፈርሙ አልጠየቃችሁኝም።»

«ለአባቷ ተናግራለች ግን። ይኼስ?»

«ተናግራለች። ለዚያ ቅጧት። ስሟ በሁለት ወንበር ስለተቀመጠ ግን አትቅጧት። እሱን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ልጅ አዝላ በዝናብ በሬ ላይ መጥታ ነበር። ማኅተሙ ደብዝዟል ብዬ መለስኳት። የፈረስ ስም የተወለደው ያን ቀን ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ።»

ጸሐፊው «የፈረስ ስም... እንዴት ልጻፈው?» አለ።

«እንዳልኩት።»

ዘውድነሽ አንገቷን ቀና አላደረገችም። ስወጣ አቶ ይሄይስ አዩኝ። እጅ አልነሡኝም። ፈረሳቸውን ግን ከበሩ ገለል አድርገው መንገድ ለቀቁልኝ።

መጋቢት 12

ውሳኔ። ዘውድነሽ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ክሱ የተመሠረተው በትዕዛዙ ብቻ ነው። ደንብ ሰባት «ለጊዜው ታግዷል»፤ በዚህ መሥሪያ ቤት ጊዜያዊ ነገር ምን ያህል እንደሚቆይ አውቃለሁ።

በሌላ ፖስታ ለኔ። «የኮንትራት ውልዎ እንደማይታደስ እየገለጽን፣ በእጅዎ የሚገኘውን ላፕቶፕ በርክክብ ሰነድ...» ማስረጃዬን በመጨረሻ መጠየቅ አቆሙ። ትልቅ እረፍት።

መጋቢት 13

ስልኩ አልጮኸም። እህተማርያም ድንች ላጥ አለችኝ። ላጥኩ። ወፍራም ነው የምትልጠው አለች። ቀጭን አድርጌ ላጥኩ።

መጋቢት 20

ቅዳሜ። በሩ ተንኳኳ። ዘውድነሽ። ብቻዋን፣ በሚኒባስ፣ ወረቀት ይዛ። አቶ ብሥራት ከየጣቢያው አዲስ ደንብ እንዲጻፍ አዟል። ከሠላሳ አንዱ የጻፈች እሷ ብቻ ናት።

«ለምን ወደኔ አመጣሽው? እኔ ተባርሬያለሁ።»

«ጋሼ፣ የሚሰብረው ሰው ሳያየው ልልከው ነው?»

አነበብኩ። ሁለት ገጽ። ፓስወርዱ ምንም ግንኙነት የሌላቸው አራት ቃላት ይሁን፤ ቃላቱ በዕጣ ይውጡ፤ ጥርጣሬ ከሌለ አይቀየር። የተቆለፈበትን ሰው ሁለት ባልደረቦቹ አይተው ያስከፍቱለት። ማኅተም የሚል ቃል የትም የለም። ፈለግኩት።

ቀይ እስክሪብቶ አነሣሁ። «ቁጥር የለውም። ምልክት የለውም። በየስድስት ወሩ እንኳ...»

«ሰው በቃሉ ይይዘዋል ብዬ ነው።»

«ማን አለ?»

«እርስዎስ ያኔ ማንን ጠይቀው ነበር?»

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። መልሱ «ማንንም» ነው።

ለሙከራ ሠላሳ ወረቀት ቆራረጥን። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ተራ ቃል። በእህተማርያም ሞሰብ ክዳን ውስጥ አገላበጥን፣ አራት አወጣን። ምርኩዝ። ሰኞ። ጨው። ድልድይ። እህተማርያምን ጠራሁ።

«ይኼን አንብቢና በቃልሽ ያዢው። ከሦስት ቀን በኋላ እጠይቅሻለሁ።»

«ምንድን ነው፣ እንቆቅልሽ?»

«ሥራ ነው። እባክሽ።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። «እባክሽ» ያልኩ ጊዜ ነው የተያዩት።

ዘውድነሽ ድንች በላች። ስለ ቡልኮው ከእህተማርያም ጋር በሹክሹክታ አወሩ። አልሰማሁም መስዬ ተቀመጥኩ።

መጋቢት 23

ቁርስ ላይ ጠየቅኳት።

«ምርኩዝ» አለች። «ሰኞ። ጨው። እ... ወንዝ።»

«ድልድይ ነበር።»

«ያው ነው። ድልድይ ያለ ወንዝ ምን ያደርጋል?»

«ኮምፒውተሩ ያው ነው አይልም።»

«እንግዲያው ኮምፒውተርህ ሰው አያውቅም» ብላ ሳህኑን አነሣች።

ድሮ ቢሆን ምን እንደምጽፍ አውቃለሁ። «ተፈታኟ በቸልተኝነት።» ደብተሬን ገልጬ ትንሽ አሰብኩ፣ ከዚያ ዳንግላ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እንዴት ሆነ? እትዬ እህተማርያም አለፉ?»

«‹ወንዝ› አለች።»

«ወይኔ... ወደቁ ማለት ነው?»

«እሷ አልወደቀችም» አልኩ። «ደንቡ ነው የወደቀው። ቃላቱን እንደገና እናውጣ፤ ከሌላ ቃል ጋር የሚምታቱት አይግቡ። ቅዳሜ ነይ።»